እናቴ ኬቺ ናት?

የጃፓንኛ ኮርሱ የቤት ሥራ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ከቤተሰባችሁ መሃል ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው ግለጹ ነው የተባልነው። ሁለት ቃል ተምረናል። ኬቺ ማለት ቋጣሪ ነው፣ ስድብ ነው። ሴትሱያኩካ ደግሞ ቆጣቢ ማለት ነው፣ ያስመሰግናል። ስለ እናቴ ኬቺ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩና መልሼ ጻፍኩት።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ስቶቭነር የሚባል ሰፈር ባደግኩበት ቤት፣ በብርዱ ወራት ሳሎን ውስጥ ጃኬት ለብሰን ነበር የምንቀመጠው። ማሞቂያውን ስነካ እናቴ "መብራት ውድ ነው፣ ተይው" ትለኛለች። በሩ ሲንኳኳ ግን ማሞቂያውን ሁሉ ከፍታ፣ የሁላችንንም ጃኬት ሰብስባ መኝታ ቤት ትወረውራለች። እንግዳው "ቤታችሁ እንዴት ይሞቃል" ብሎ ይወጣል። ወዲያው ታጠፋዋለች። ያበግነኝ ነበር። ለሰው ሙቀት፣ ለእኛ ጃኬት።

አሁን ቫይትቬት የሚባል ሌላ ሰፈር ለብቻዬ እኖራለሁ። ባለፈው እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ጋ እንደምትመጣ ነገረችኝ። እልህ ያዘኝና ገና ሳትደርስ ማሞቂያዎቹን ሁሉ ከፈትኩ። እንደ እሷ እንዳልሆንኩ እንድታየው ፈልጌ ነበር።

ገባች፤ ሙቀቱ ፊቷን ሲመታት ቆም አለች። ከዚያ ጃኬቷን ሳታወልቅ ሄዳ አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።

"ኔይ፣ አይ ማሚ፣ እንዲሞቅሽ ብዬ እኮ ነው" አልኳት።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ እንግዳ ነኝ?" አለችኝ።