ፒኩ ከሰራዊት እጅ ሲያመልጥ

ሰራዊት አሶሳ ውስጥ የታወቀ የሰርግ ጊታሪስት ነው። የተወለደው ሰልጋ በሚባለው የሰፈራ መንደር፣ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ማሽላና በቆሎ እያረሱ ከቀሩ ሰዎች ቤት ነው። ጊታር ያስተማረው ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ መምህሩ ተቀይሮ ሲሄድ ጊታሩን ትቶለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰራዊት በዚያ አካባቢ ሰርግ ባለበት ሁሉ ሲጫወት ኖረ። አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። ሚስቱ የወርቅውሃ ገበያው ዳር የልብስ ስፌት ቤት አላት።

የባንዱ ሰዎች በአንድ ነገር ይቀልዱበት ነበር፤ በፒክ። ፒክ የጊታሩ ክር የሚመታባት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የምትያዝ፣ ከሰው ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ፕላስቲክ ናት። ሰራዊት እሷን ሲመርጥ በሬ የሚገዛ ገበሬ ይመስላል። ያጥፋታል፣ በጥርሱ ነካ ያደርጋታል፣ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ድምጿን ይሰማል። ቀጭኗ ለአጃቢ ምት ትመቻለች፤ ስለምትተጣጠፍ ክሮቹ ላይ ትንሸራሸራለች፣ ዜማ ለብቻው ሲወጣ ግን ድምጿ ይሳሳል። ወፍራሟ ድምፁን ሞላ ታደርገዋለች። ጫፏ ሹል ከሆነ ይጠራል፣ ዶልዶም ከሆነ ይለሰልሳል። አብረቅራቂዎቹ ለዓይን ያምራሉ፣ ግን ቶሎ ይሸረፋሉ፤ ደብዘዝ ያሉት ናይለኖች ብዙ ይከርማሉ። «ይሄ ሁሉ ግን በኋላ ነው» ይል ነበር ሰራዊት። «መጀመሪያ እጅህ ይውደዳት።»

ማንጎ በሚረግፍበት ሰሞን እጁ ፒኮቹን መጥላት ጀመረ። ባምባሲ አንድ ሰርግ ላይ፣ በዘፈን መሀል፣ ፒኳ ከጣቶቹ መካከል ሾልካ ወደቀች። ላብ ነው ብሎ አነሳት። በሚቀጥለው ሰርግም ወደቀች። ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል፣ ፋብሪካው አለስልሶታል አለና ከአዲስ አበባ ሌላ ዓይነት አስመጣ። እሷም አልሆነችም። ፊቷን በምስማር ጫረው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻከረው። የጀሪካን ክዳን ቆርጦ ሞከረ፣ አሮጌ ሲዲ ሰብሮ፣ ሞርዶ ሞከረ። ልምምድ ላይ ሳይቀር ከዘፈኑ ይልቅ ስለ ፒክ የሚያወራው በዛ። ሰዎቹ ሲስቁ እሱም አብሮ ይስቃል።

የሚያውቀውን ነገር ግን ለማንም አልተናገረም። ቀኝ ክንዱ ላይ ቆዳው ገርጣ ያለ ክብ ቦታ ከወጣ ቆይቷል። ጭርት ነው ብሎ ቅባት ሲቀባው ከርሟል። አንድ ቀን የቀርከሃ አጥር ሲያጥር ስንጣሪው እዚያው ቦታ ላይ ገብቶበት ኖሮ፣ ደሙ ሲወርድ አየ እንጂ ምንም አልተሰማውም። ያን ጊዜ ገባው። ልጅ ሆኖ ሰልጋ ውስጥ ጣቶቹ ያለቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ውሃ ጠምቷቸው እነሰራዊት ደጅ ሲቆሙ እናቱ አዝናላቸው በቅል ሰጠቻቸው፤ ሲሄዱ ግን ቅሉን ሰብራ ከአጥር ውጭ ወረወረችው። እናቱ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሰራዊትን ያስፈራውም ይኸው ነው። ደግ ሰው እንዲህ ካደረገ ሌላው ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ዝም አለ። ሙቀቱ በዛብኝ ብሎ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ለብቻው መተኛት ጀመረ። የራሱን ብርጭቆ ለየ። ልጁ ስትጠመጠምበት ጉንጯን ሳይስም ቀስ አድርጎ ያወርዳታል። የወርቅውሃ ይህን ሁሉ እያየች አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ ሸሚዙን ስታጥብ ግን ታሸተው ነበር።

ከባንዱ ሰዎች ነገሩን ከልቧ ያሰበችለት ድምፃዊቷ ሀምዲያ ናት። ሀምዲያ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት ታስተምራለች፣ ቅዳሜና እሑድ ትዘፍናለች። በቤርታ አፍ ስላደገች በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም አንዳንዴ በአንድ ትጠራዋለች። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከሻርፗ ጫፍ ፈታ አንዲት ጥቁር የቀንድ ስባሪ አወጣች፤ ከአገልግሎት ብዛት ጠርዟ እንደ መስታወት ለስልሷል።

«የአባቴ ነው» አለች። አባቷ በሕይወት ሳሉ ክራር የሚመስለውን የአገራቸውን መሣሪያ ይመቱ ነበር። «ይሄን ይዞ ነው የሚመታ። አይሰበርም፣ አያልቅም። ለጊዜው ያዘው። እጅህ ሲለምድ ትመልሳለህ።»

ሰራዊት ተቀበላት። ቀንዷ ወፈር ያለች፣ ድምጿም ደማቅ ነበረች፤ በደህናው ጊዜ ቢያገኛት ከሁሉ የሚመርጣት እሷን ነበር። ልምምዱ ላይ አጥብቆ ጨምቆ ይዟት ዋለ። ሀምዲያ እያየችው ደስ አላት።

ከዚያ የአንድ ነጋዴ ልጅ ሰርግ መጣ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ከሰዓት በኋላው ሞቋል፣ ሙሽሮቹ መሀል ገብተው እየጨፈሩ ነው። ሰራዊት ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀንዷ በጣቶቹ መካከል ዞረች። ልያዛት ሲል መያዝ አለመያዙን አላወቀም፤ በዓይኑ ካላያት በቀር የት እንዳለች የሚነግረው ነገር አልነበረም። ወደቀች። በባዶ ጣቱ ክሩን ሲመታ ዜማው ተበላሸ፣ ጨፋሪዎቹ ቆመው ዞር አሉ። ሀምዲያ ቶሎ ብላ ቀንዷን አንስታ አቀበለችው። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ወደቀች። አሁን አንዳንዱ ሰው ሳቀ።

ሰራዊት ጎንበስ ብሎ ቀንዷን አነሳና ወደ ሀምዲያ ዞረ። «በዚህ የገጠር ቀንድ ጊታር ይመታል እንዴ?» አለ። «ለከብት ጠባቂ ነው የሚሆነው እንጂ!» ብሎ ወደ ወንበሮቹ ወረወራት።

ከፊቱ ያለው ማይክራፎን ክፍት ነበር። ቃሉ በአዳራሹ ሙሉ ተሰማ። ኪቦርድ የሚጫወተው ሱለይማን ቶሎ ብሎ ሌላ ዘፈን ጀመረ፣ ሰዉም ወደ ጭፈራው ተመለሰ። ሀምዲያ የሰርግ ቀሚሷን ሰብስባ ከወንበሮቹ ሥር፣ በሰዎቹ እግር መካከል፣ አንድ ባንድ ፈለገች። ካገኘቻት በኋላ ጠርጋ ሻርፗ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት፣ ወደ መድረኩ ወጥታም የቀሩትን ዘፈኖች ዘፈነች። ድምጿ አልተለወጠም። ሰራዊት እስከ መጨረሻው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

በማግስቱ ቤት ቁጭ ብሎ የማጉያውን ገመድ በካውያ ይበይድ ነበር። ጭንቅላቱ እዚያ አዳራሽ ነው። የወርቅውሃ ከጓዳ ወጥታ ቆመች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ቆርቆሮው ነው፣ ሲቀልጥ...» ብሎ ወደ እጁ አየ። የጋለው ካውያ አውራ ጣቱ ላይ አርፏል፤ ቆዳው ነጭ ሆኖ አብጧል።

የወርቅውሃ ካውያውን ነጥቃ ጣለችው። እጁን ይዛ ፊቱን አየችው። ፊቱ ላይ የሕመም ምልክት አልነበረም። «አላቃጠለህም?»

«ትንሽ» አለና እጁን ነጠቃት።

«ሰራዊት፣ ምን ሆነሃል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ስትዋሽ ታስታውቃለህ» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ስታለቅስ ሰማት። ተነስቶ ሊሄድላት ፈለገ፤ ሄዶ ምን እንደሚል ስላጣ ቁጭ አለ።

አሶሳ ውስጥ ሐኪም ቤት መሄድ አልፈለገም፤ በር ላይ ካሉት ጥበቃዎች ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ዕቃ ላመጣ ነው ብሎ በባምባሲ በኩል ቶንጎ ድረስ ሄደ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም ብሎ ነበር። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት የጤና መኮንን፣ በኃይሉ የሚባል፣ ካርዱን አንብቦ ቀና አለ።

«ጋሽ ሰራዊት ጊታሪስቱ አይደሉም? የእኔን ሰርግ እኮ እርስዎ ነዎት የተጫወቱት።»

ሰራዊት መሬቱ ቢውጠው በወደደ። ግን መጥቷል፤ እጅጌውን ጠቀለለ። በኃይሉ ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረውና በጥጥ ነካ ነካ እያደረገ «የተሰማዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» አለው። ሰራዊት ጣቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ። ጠበቀ። «ይጀምሩ እንጂ» አለ በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ ጋሽ ሰራዊት» አለው ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ ክርኑ ውስጥ ያለውን ጅማት ዳሰሰ፣ እጁንና ጆሮውን አየ፣ ናሙና ወሰደ። ነገሩ የሥጋ ደዌ ነው አለው፤ ሳይደብቅም ሳያካብድም። መድኃኒት አለው፣ ይድናል፣ ዓመት ያህል ሳያቋርጡ መዋጥ ነው፤ ከጀመሩ በኋላ ለሰው አያስተላልፍም። «ሽንትዎ ይቀላል፣ ቆዳዎም ጠቆር ይላል፣ አይደንግጡ። የደነዘዘው ጣት ግን ምን ያህል እንደሚመለስ አሁን አልነግርዎትም። ምልክቱ ከታየዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ወር» ብሎ ዋሸ ሰራዊት።

በኃይሉ ጻፈው። ቀጥሎ «ባለቤትዎና ልጅዎ መታየት አለባቸው» አለው። ሰራዊት የፈራው ይህን ነበር። እስካሁን ብርጭቆውን እየለየ የጠበቃቸው ይመስለው ነበር፤ አሁን ሲያስበው ሲደብቅ በከረመበት ጊዜ ሁሉ አደጋ ላይ ጥሏቸው ኖሯል። ሲመለስ መኪናው ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አለቀሰ።

ለየወርቅውሃ የነገራት ቆሞ ነው፣ በሩ አጠገብ፣ ሂድ ብትለው ለመሄድ እንደተዘጋጀ ሰው። እሷ መቀስ በእጇ ይዛ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ሴት መስሎኝ ነበር» አለች። «ሌላ ሴት ይዘሃል ብዬ ስንት ጊዜ በልቤ ረገምኩህ።» ቁጭ አለች። ከዚያ ተቆጣች፤ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ልጅቷ። «አንተ ብትፈራ እሷ ምን አደረገችህ? ሕፃን ልጅ አባቴ ጠላኝ ስትል እኔ ምን ልበላት?»

ሰራዊት በሳምንቱ ሁለቱንም ወስዶ አስመረመራቸው፤ ደህና ነበሩ።

ሀምዲያ ዘንድ መሄድ ከዚህ ሁሉ የከበደው ነበር። ለሚስቱ በሽታውን ነው የነገራት፤ እዚህ ግን በሽታው የሚያመካኝበት ነገር አይደለም፣ ያንን ቃል የተናገረው አፉ ነውና። የምታስተምርበት ቅጥር ሄዶ ሕፃናቱ እስኪወጡ ጠበቃት። ሁሉንም ነገራት። የአባቷ ቀንድ ላይ ሲደርስ «ቀንዱ ጥፋት አልነበረውም» አለ።

«ቀንዱ ጥፋት እንደሌለው አውቅ ነበር» አለች ሀምዲያ። «አንተን ነው ያላወቅኩት። ሰራዊት እንዲህ ያለ ሰው ነው እንዴ ብዬ... እሱ ነው ያመመኝ።» ቀጥላ «ሚስትህ ያውቃል?» ብላ ጠየቀች።

«ታውቃለች።»

«ጥሩ ነው።» ለስንብት እጇን ዘረጋች። ሰራዊት እጁን ወደ ኋላ አደረገ፤ እሷም አላስገደደችውም፣ እጇን እንደዘረጋች ቆመች። በመጨረሻ ሰጣት። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ቀንዷንም ከዚያ በኋላ አላበደረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

አሁን ሰራዊት ዜማ አይጫወትም። ያንን ቦታ ጅረኛ ለሚባል ከባምባሲ ለመጣ ጊታሪስት ለቆለት እሱ ያጅባል። ፒኩን የሚመርጠው በሌላ መንገድ ነው፤ ሰፋ ያለች ባለ ሦስት ማዕዘን ወስዶ በሁለት ፊቷ የብስክሌት ካላማዳሪያ ይለጥፍባታል። ላስቲኩ ድምፁን ያፍነዋል፣ ውበት የለውም፣ ግን አትወድቅም። ሲጫወት ዓይኑን ከእጁ አይነቅልም። ቆዳው ጠቁሯል፤ ሰዎች ሲጠይቁት ፀሐይ ነው ይላል።

መድኃኒቱን ለመውሰድ ብዙ ወራት ቶንጎ ሲመላለስ ቆየ። በኃይሉ ክትትሉን ወደ አሶሳ እንዲያዛውር ደጋግሞ ነገረው። በመጨረሻ መንገዱ ሲያስቸግርና ቀኑ ሊያልፍበት ሲሆን እሺ አለ። መጀመሪያ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተራውን ሲጠብቅ፣ የልጁ ሰርግ ላይ የተጫወተለት ያ ነጋዴ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሰራዊት! ምነው፣ ምን ሆንክ?»

ሰራዊት መናገር ፈለገ። የበሽታውን ስም እስከ ምላሱ ጫፍ አመጣው። «እጄን ነው» አለ።

«አይ እጅ፤ አንተ ዘንድማ እንጀራ ነው» አለ ነጋዴው ከልቡ አዝኖ። «እግዜር ይማርህ።»

ሰራዊት «አሜን» ብሎ ግማሹን ብቻ በመናገሩ ደግሞ አፈረ። ነርሷ በሩን ከፍታ ስሙን እስከ አባቱ ጠራች፤ ተነስቶ ገባ።