የሞጣው ጫፍ

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች ከቤቴ ከነላፕቶፔ ጣቢያ ወሰዱኝ። ቢቸና የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ የቤት ብሮድባንድ የሚሠራለት ሰው ጥቂት ነበር። እኔ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበርኩ፤ ለመጠርጠር ያ ብቻውን ይበቃል።

መርማሪው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው?»

«የፍጥነት ልኬት ነው። ሁለት ቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ላይ ስውር መስመር የሚዘረጉ ፕሮግራሞች፣ አሉኝ፤ አንዱ ከርነል በሚሉት በኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ ይሠራል፤ ሌላው ከዚያ ውጭ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ይሠራል። የትኛው እንደሚፈጥን እያየሁ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

ለመለካት ሁለት ጫፍ ያስፈልጋል። አንዱ የእኔ ቤት ነው፤ ሌላው ሞጣ፣ የጓደኛዬ ቤት። ስሙን አልሰጠሁም።

«ስሙን ንገረንና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለኝ ረጋ ብሎ።

ነገሩን ከእኔና ከጓደኛዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ማን ነገራቸው? ስሙን እያወቁ ሊፈትኑኝ ይሆን? ወደ እስረኞች ክፍል ሲወስዱኝ ጓደኛዬን እየረገምኩ ነበር።

ክፍሉ እርጥብ ልብስና ሽንት ይሸታል። የእስረኞቹ ተጠሪ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁሉም የኔታ ይሏቸዋል። አዲስ ገቢ የተያዘበትን ጉዳይ ሳይናገር የመኝታ ቦታ አይሰጠውም። ሞጣ ካለው ጓደኛዬ ስም በቀር ሁሉን ተናገርኩ።

«ኔት በሌለበት አገር ኔት ያለው! ጆሮ ጠቢ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?» አለ ከግድግዳው ሥር የተቀመጠ ሰው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ የኔታ።»

በማግስቱ ባለቤቴ ምሳ አመጣች። በር ላይ ያመጣው ሰው ቀምሶ ያሳያል፤ ከዚያ ተረኛ እስረኛ ከበሩ ፖሊስ ተቀብሎ ያስገባል። በክፍሉ ምግብ የሚበላው በጋራ ነበር፤ የእኔን ግን ማንም አልነካውም። ተናደድኩ። ሳህኑን እያሳየሁ ምን እለካ እንደነበር ለየኔታ አስረዳኋቸው።

«ፖሊሱ ራሱ እዚህ ድረስ ቢያመጣው እንደ ከርነሉ ነው። ለተረኛው ሰጥቶ ሲልከው ደግሞ እንደ ሁለተኛው። ቅብብሉ ትንሽ ያዘገያል።»

«የትኛው ቀደመ ታዲያ?»

«እኩል ሆኑ። ምሳው የሚዘገየው ከቤት እስከ በር ባለው መንገድ ነው። ኢንተርኔቱም እንዲሁ ነው፤ የቤት መስመር ቀርፋፋ ስለሆነ የበሩ ቅብብል ከቁጥር አይገባም።»

«እኩል ለሆነ ነገር ነው የታሰርከው?» አሉና ሳቁ። ወዲያው ሳቃቸውን ዋጡት። «ሞጣ ያለው ማነው?»

ሁሉም ጆሮውን ሰጠ።

«አልናገርም፣ የኔታ።»

«እኛንም አታምነንም?»

«አላምንም።»

የኔታ ሳህኑን ወደ መሃል ሳቡት። «ስሙን ብትነግረን ኖሮ ነገ የኛንም ለነሱ ትነግር ነበር። በል፣ ቅመስ።» እንደ በሩ ደንብ መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ፤ ቀጥለው እሳቸው። ጆሮ ጠቢ ያለኝ ሰው መጨረሻ ላይ ተጠጋ።

መርማሪው ደጋግሞ ጠይቆኝ ሲሰለቸው ለቀቁኝ። በቅርቡ ሞጣ ሄጄ ጓደኛዬን አገኘሁት።

«ስሜን ጠይቀውህ ነበር?» አለኝ፣ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ።

«አልጠየቁኝም» አልኩት።

እፎይ አለ። የንጹሕ ሰው እፎይታ ይሁን የሌላ፣ ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ማን እንደጠቆመብኝ እስካሁን አላውቅም። የጓደኛዬን ስም ግን ዛሬም አልጽፈውም።