የድቡሼ ቅባት

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ጭንቄ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት አጠገቧ ተቀምጣ ዚፕ የምትሰፋው ሴት ናት። ጭንቄ አንድ ቀን ከቤት ከወጣች በኋላ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይስ አላጠፋሁትም እያለች ከመንገድ መመለሷን ስትሰማ፣ «አንቺ እኮ ጭንቀት ባይኖር ቁጭ ብለሽ ትሰፊው ነበር» አለቻት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ጭንቄ አልተቀየመችም። እውነት ነውና ምን ትበል?

ሥራዋ የሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ ማውጣት ነው። ማሽኑ ግራና ቀኙን በክር ይዘመዝምና መሀሉን በስለት ጠቅ ያደርገዋል። ስለቱ ትንሽ ከሳተ ሸሚዙ አበቃለት። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ጭንቀታም ሰው ይስማማዋል። ከወለደች ወዲህ ግን ጭንቀቷ ከማሽኑ ተነሥቶ ቤት ገባ፤ ድቡሼ ዘንድ ሄዶ ሰፈረ።

ድቡሼ ልጇ ነው። ሲወለድ ጉንጩ አንገቱን ውጦት ስለነበር አባቱ ያወጣለት ስም ነው። አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ መጣ ሲባል ሄዷል። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ታዲያ ልጁን ለመያዝ የመጡት የባሏ አክስት ናቸው፤ እሷ «እትዬ» ትላቸዋለች። እትዬ የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወልደው አያውቁም። በንጽሕና ግን ቀልድ የለም። ሕፃኑን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡና በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ደግመው ይነክሩታል። ከዚህ የተነሣ እጃቸው ተሰነጣጥቆ፣ አንዳንድ ቀን ጣታቸውን ሲያጥፉት ይደማል።

«እትዬ፣ ሳሙናው ብቻ ይበቃል እኮ» ስትላቸው፣

«እኔ ጀርም የሚሠራውን ሥራ አይቻለሁ» ይሏታል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

ችግሩ ድቡሼ ጡጦ አልይዝም ማለቱ ነው። ጭንቄ በፋብሪካው የጨርቅ መጋዘን ውስጥ፣ ከጥቅልል ጨርቆቹ ጀርባ ተደብቃ፣ ወተቷን በትንሿ ፓምፕ እያለበች በከረጢት ታጠራቅማለች፤ ቤት ስትገባ ፍሪዘር ውስጥ ትደረድረዋለች። እትዬ በማግስቱ አቅልጠው ያሞቁለታል። እሱ ጡጦው ገና ወደ አፉ ሲጠጋ ፊቱን ያዞራል፤ ያለቅሳል፤ እንደገና ያዞራል። ቀኑን ሙሉ ጾሙን ውሎ ማታ እናቱ ስትመጣ ጡቷ ላይ እንደ ተበደለ ሰው ይጣበቃል። ያ ሁሉ ጉንጭ መሟሸሽ ጀመረ። ቆዳውም ደርቆ ተላላጠ።

የእትዬ ስልክ በሥራ ሰዓት ይመጣል። «ልጄ፣ ዛሬም አሻፈረኝ ብሏል። ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ። ምን ላድርግ?» ጭንቄ ሁለት ጊዜ ማሽኑን አቁማ እየሮጠች ቤቷ ሄዳለች። ከሁለተኛው በኋላ ተቆጣጣሪው ጠራት።

«ስሚ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ» አላት። «ግን ቆሞ የሚውል ማሽን አለቆቼ ፊት ምን ብዬ አስረዳለሁ? ከእንግዲህ ከሰዓትሽ ቀድመሽ ብትወጪ ወይም ከምሳ ብታረፍጂ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ። አልነገረኝም እንዳትይ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ረጋ ብሎ መናገሩ ልቧን ሰቀለው። የሾፌሩ ደመወዝ ብቻውን ቤቱን አይዝም፤ ልጁ ደግሞ ካልበላ ሥራ ብሎ ነገር የለም። ወይ ልጁ ጡጦ ይለምዳል፣ ወይ እሷ ቤት ትቀመጣለች። ሌላ ሦስተኛ መንገድ ብትፈልግ ብትፈልግ አጣች።

የዚፕ ሰፊዋ ግን መልሱን አወቅሁት ባይ ናት። «ወተቱ ነው። በረዶ ሆኖ ሲከርም ሽታው ይለወጣል። የእህቴም ልጅ እንዲሁ አልቀምስም ብሎ አስቸግሯት ነበር።»

ጭንቄ ማታ አንዱን ከረጢት አቅልጣ ቀመሰችው። ሳሙና ሳሙና አላት። ደግማ ስትቀምሰው ደህና መሰላት። በሦስተኛው እንደገና ሳሙና ሆነ። እሷ ስትጨነቅ ምላሷም አብሯት ይጨነቃል። በቃ፣ የወተቱ ጣዕም ተበላሽቷል አለች። እትዬ ሌላ የሚሰጡት ስለሌለ መሞከሩን አልተዉም፤ የተረፈውን መድፋት ግን አንጀቷ እንቢ አለ። ከጨርቅ ጥቅልል ጀርባ ጎንበስ ብላ፣ ሰው ይመጣ ይሆን እያለች በጠብታ ያጠራቀመችው ወተት ነው።

«ማን ድፊው አለሽ?» አለቻት ዚፕ ሰፊዋ። «ቅባት አድርጊው። የልጁ ጉንጭ ደርቋል አላልሽም?»

ጭንቄ ወደደችው። በአፉ አልገባ ያለው በቆዳው ይግባ ብላ ተጽናናች።

እሑድ ጠዋት እትዬ የራሳቸውን ቤት ሊያዩ ሲሄዱ ሥራውን ጀመረች። ውሃ በፈላበት ድስት ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣ የንብ ሰምና የኮኮናት ዘይት አቀለጠች። ወተቱን እንደ ቀዘቀዘ ስትጨምርበት ሰሙ ወዲያው ተኮማትሮ ጠጠር ሆነ። ያን ጊዜስ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በሁለተኛው ሙከራ ወተቱን ከሰሙ እኩል ለብ አድርጋ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች፣ ክንዷ እስኪዝል በሹካ መታችው። ነጣ፤ ወፈረ፤ እርጎ መሰለ። በፈላ ውሃ ባጠበችው ብልቃጥ ገልብጣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። ቶሎ ስለሚበላሽ በየሳምንቱ አዲስ መሥራት ነበረባት፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ወተት ለጊዜው ያስኬዳታል።

ለእትዬ ግን እውነቱን አልነገረቻቸውም። የሰው ገላ የነካውን ሁሉ ካልቀቀሉ የማያምኑ ሴት ይህን ቢሰሙ ብልቃጡን በመስኮት ይወረውሩታል። «ከፋርማሲ ነው» አለቻቸው። «ለድቡሼ ጉንጭ። ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይቀቡት፤ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይመልሱት።»

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ስልኩ ዝም አለ።

መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መሰላት። ዚፕ ሰፊዋን ደውይልኝ ብላ ሞከረችው፤ ደህና ነው። ማታ ቤት ስትገባ ጡጦው ባዶ ነው። ድቡሼም እንደ ወትሮው ጡቷ ላይ አልተስገበገበም፤ ትንሽ ጠባ፣ ፈገግ አለ፣ ተኛ። ሌላ ሰው ቢሆን እሰይ ብሎ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። ጭንቄ ግን ቀልቧ ተገፈፈ። ትናንት ሞቼ እገኛለሁ ሲል የነበረ ልጅ ዛሬ ምን አግኝቶ ነው?

ፍሪጁን ስትከፍት ደግሞ ብልቃጡን አየች። ለሁለት ትናንሽ ጉንጮች ሳምንቱን ሙሉ ይተርፋል ያለችው ቅባት ሳምንቱ ሳይጋመስ ወለሉ ሊታይ ደርሷል።

«እትዬ፣ ቅባቱ ቶሎ አለቀ እንዴ?»

እትዬ ጀርባቸውን እንደ ሰጧት ማንኪያ ያጥባሉ። «ቆዳው ይጠጣዋል» አሉ። ዞር ብለው አላዩዋትም።

አለማየታቸው ነው ያሳበዳት። የማይዋሹ ሴት ናቸው፤ ሲዋሹም አያምርባቸውም። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ቅባቱን በማንኪያ እያበሉት ይሆን? ጡጦ ውስጥ በጥብጠውት ይሆን? ወይስ ወተቱን ደፍተው፣ ማልቀሱ ሰልችቷቸው የሚያስተኛ ነገር ይሰጡት ይሆን? አንዷን ሐሳብ ሳትጨርስ ሌላዋ ትመጣለች። ደግሞ ታፍራለች። እኚህ ሴት የሚደማ እጃቸውን ይዘው ልጇን ሊጠብቁ የመጡ ናቸው፤ እንዴት እንዲህ ታስባለች? አፍራም ማሰቧን አልተወችም።

በማግስቱ የምሳ ደወል እንደ ተደወለ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለቻት ዚፕ ሰፊዋ። «ደርሰሽ መመለስ አትችይም እኮ። ሰውየው ምን እንዳለሽ ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። ካረፈድኩ ማሽኔ ላይ ተቀመጪልኝ።»

«ቁልፍ ቀዳዳ መች አውጥቼ አውቃለሁ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ከሩቅ ቆሞ ነው የሚያየው» ብላ እግሬ አውጪኝ አለች።

ደረጃውን ስትወጣ የልጅ ለቅሶ አልሰማችም። ይህም አስፈራት። በሩን ቀስ ብላ ከፈተችው። እትዬ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ወደ በሩ ነው። ድቡሼ ክንዳቸው ላይ ተንጋሏል። እጃቸው ያብረቀርቃል፤ ከጣቶቻቸው ጫፍ እስከ አንጓቸው ድረስ ቅባት በቅባት ሆነዋል። ልጁ መጀመሪያ አፍንጫውን መዳፋቸው ውስጥ ቀብሮ አሻሸ፤ ጡት ሲፈልግ እንደሚያደርገው አፉን ከፈተ። እትዬ በሌላ እጃቸው ጡጦውን አቀበሉት። ያዘው። ጉንጩ ገባ ወጣ እያለ ይጠባ ጀመር።

ጭንቄ ጠረጴዛው ላይ ባዶውን የተቀመጠውን የወተት ከረጢት አየች። የሚጠጣው ያው የፍሪዘሩ ወተት ነው፤ ተበላሸ ያለችው፣ ግማሹን ከሰም ጋር ያቀለጠችው። ለካ ልጁ ወተቱን ጠልቶ አያውቅም።

እትዬ ዞር ሲሉ አዩዋትና ፊታቸው ተለዋወጠ። «ያንተ ያለህ» አሉ፤ እጃቸውን ለመደበቅ ቢሞክሩም ልጁ ክንዳቸው ላይ ስላለ የት ይደብቁታል? «አይተሽኛል። ሌባ አትበይኝ ልጄ። ለሱ ስቀባ ጣቴ ላይ የቀረው ሕመሙን አስታገሰልኝ። ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። ከዚያ ደግሞ ጨመርኩ። የልጅ መድኃኒት መሆኑን እያወቅሁ።»

«በረኪናውስ?» አለች ጭንቄ። ሌላ የምትጠይቀው አልመጣላትም።

«ቅባቱን ያጥብብኛል ብዬ ተውኩት። በሳሙና ታጥቤ ነው የምቀባው፤ እሱን አትጠራጠሪኝ።»

ጭንቄ ጎንበስ ብላ እጃቸውን አንሥታ አሸተተችው። ልጁን ከጡጦው ሲያሸሸው የኖረው የበረኪና ሽታ የለም። እጃቸው ላይ ያለችው እሷ ራሷ ናት፤ የደረቷ ሽታ ነው። ልጇ ቀኑን ሙሉ እናቱን በሰው መዳፍ ላይ እየፈለገ ነው የሚውለው። ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት እትዬ ቀደሟት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጁ እንዳይሰማ ይመስል። «ለመደኝ። ከሥራሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው እንጂ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ልጅ የሚያውቁት ወልደው ያዩ ናቸው፣ እኔን ምን ብሎ ይወደኛል ስል ነበር። አሁን ግን እጄን ሲያይ ይስቃል። ያውልሽ፣ እይው።»

ጭንቄ አየችው። እትዬንም አየች። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሏቸው አይታቸው አታውቅም። አንድ ቃል ብትናገር ያ ሁሉ ደስታ ብትንትኑ ይወጣል። ሆድ ይፍጀው አለች።

«አዎ እትዬ» አለች። «ለምዶዎታል። ቅባቱንም እንደ ልብዎ ይቀቡ፤ ሌላ አመጣለሁ።»

እየሮጠች ስትመለስ ዚፕ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ አቀርቅራ ባዶ ፔዳል ትረግጣለች። ተቆጣጣሪው ከወዲያ ማዶ ቆሞ ሁለቱንም አይቷል። ሰዓቱን ተመለከተና አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ሁለተኛ እንደማያልፋት ገባት።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ቅባት ሠራች። ጭንቀቷ ግን አልቀነሰም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ወተቷ እየነጠፈ ነበር። ፓምፑ ከቀን ወደ ቀን የሚያወጣው አነሰ፤ ፍሪዘሩ ውስጥ የነበረው መደዳ ወደ ጥግ ተሰበሰበ። የቀረው ለመጠጡም አይበቃውም፤ ከዱቄት ወተት ጋር እየቀላቀሉ ይሰጡት ጀመር። በመጨረሻ ለቅባት የሚሆን አንድ ከረጢት እንኳ የማይተርፍበት እሑድ መጣ።

ሰሙንና ዘይቱን አቀለጠች፤ በወተቱ ፈንታ የፈላ ውሃ ጨመረች። በሹካ መታችው። ነጣ፤ ወፈረ። ዓይን አይለየውም። አፍንጫ ግን ይለየዋል። ብልቃጡን ፍሪጅ ውስጥ ስታስቀምጥ እንደ ሌባ ወደ በሩ ታይ ነበር።

በማግስቱ ስልኳን ማሽኑ ላይ ከክሩ አጠገብ አስቀመጠችው። አንድ ዓይኗ ቀዳዳው ላይ፣ አንዱ ስልኩ ላይ ነው። ዛሬ ይነቃባቸዋል፤ ፊቱን ያዞራል፤ እትዬም ልባቸው ይሰበራል፤ እኔም ቤቴ እቀመጣለሁ እያለች ሸሚዝ ከሸሚዝ ታሳልፋለች። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራ። እጇ ከድቷት ስለቱ የሸሚዙን ደረት በሰያፍ ተረተረው።

«ምን ሆነ እትዬ?»

«ምን ይሆናል? ጠጣ። ጨርሶ ጠጥቶ እጄን እንደ ያዘ ተኛ። እንዳትሰጊ ብዬ ነው የደወልኩት።»

ነፍሷ መለስ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ቅናት የሚመስል ነገር ተሰማት። ያን ቀን ለማጽናናት ብላ የዋሸችው ነገር እውነት ሆኗል። ልጇ እትዬን ራሳቸውን ለምዷል። ደስ አላት፤ ከፋትም።

«አለሽ?» አሉ እትዬ።

«አለሁ። ለምዶዎታል አላልኩም?»

«ብለሻል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ይኼ የአሁኑ ቅባት እንደ ቀድሞው አይሸትም። የቀድሞው ጥሩ ነበር። ፋርማሲስቱ ሳያታልልሽ አልቀረም።»

«እሺ» አለች ጭንቄ፣ የተበላሸውን ሸሚዝ ከማሽኑ እያወጣች። «ስመለስ እጠይቀዋለሁ።»