ያልተሰነጠቀው ግድግዳ

አየሁሽ ከባሏ ከያረጋል ጋር ከጎጃም ወደ መተማ ቆላ፣ ወደ ኮኪት ከተማ የወረደችው ዘጠናዎቹ ገና ሲጀምሩ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር። ሐሳባቸው የአንድ በሬ መግዣ ይዘው ለመመለስ ነበር። ዓመቱ ዓመትን እየጠራ እዚያው ቀሩ፤ ከከተማዋ ጫፍ ጎጆ ቀለሱ፣ ልጃቸው ሠላማዊትም እዚያው ተወለደች።

የቆላው አፈር መረሬ ነው። ክረምት ላይ እግር ይዞ አይለቅም፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በእሱ የተለሰነ ግድግዳም ያው ነው። አየሁሽ በየዓመቱ ትለስናለች፣ ግድግዳው በየዓመቱ ይሰነጠቃል። የጎረቤቱም ሁሉ ቤት እንዲያ ስለነበር ጉዳዬም አላለችው።

ሠላማዊት አፏን ፈትታ «አባዬ» ማለት በጀመረችበት ዓመት ትኩሳት ያዛት። ወባ ነው ብለው ኪኒን ሰጧት። ትኩሳቱ ሄድ መለስ እያለ ከረመ። ልጅቷ ከሳች፣ ሆዷ ግን እየተነፋ ሄደ። ጤና ጣቢያ ሲያደርሷት ጣፊያ የሚያሳብጠው በሽታ፣ ካላዛር ነው ተባለ። ወደ መተማ ሆስፒታል ሊወስዷት መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ፣ በእናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች።

ከተዝካሩ በኋላ አየሁሽ ጤና ጣቢያ ልጇን ወዳየችላት፣ ምስራቅ ወደምትባል ነርስ ሄደች።

«ከምን ያዛት? ንገሪኝ» አለቻት።

«ከትንኝ የምታንስ ዝንብ አለች፣ እህቴ። ቀን በመሬትና በግድግዳ ስንጥቅ ትደበቃለች፤ ሲመሽ ወጥታ ትነክሳለች።»

ምስራቅ ዝንቧ በሜዳም፣ በዛፍ ሥርም እንዳለች ነግራት ነበር። አየሁሽ ግን ከግድግዳው ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ቤቷ ገብታ ልጇ ትተኛበት በነበረው ጥግ ያለውን ስንጥቅ በጣቷ ተከትላ እስከ ጣሪያው ወጣች። «በገዛ እጄ የለሰንኩት ነው» ብላ እዚያው ቁጭ አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማይሰነጠቅ ጭቃ ማሰብ ጀመረች። ሲሚንቶ የሚገዛ አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሌላው የሚጥለውን ትለቅም ጀመረች፤ መጋዘን ከሚሠራበት ቦታ የጡብ ስብርባሪና የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ከዳቦ ቤት አመድ፣ ከሰሊጥ ነጋዴዎች በር የበሰበሰ ጆንያ። ከረጢቱን አራግፋ ዱቄቱን ታጠራቅማለች። ጆንያውን ተርትራ ክሩን በአጭር በአጭሩ ትቆርጣለች። ሰዎች ሐዘን ናላዋን አዙሮታል ይሉ ጀመር።

ያረጋልም አንድ ቀን መረረው። «ለሞተ ልጅ ግድግዳ ምን ያደርጋል?» አላት።

«ለሚወለደው ነው» አለች። «ስንጥቅ ያለበት ቤት ውስጥ ሁለተኛ አልወልድም።»

ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ከባድ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ ተቀምጦ ጡቡን ይፈጭላት ጀመር።

የመጀመሪያው ልስን አመዱ በዝቶበት ረገፈ። ሁለተኛው መረሬው በዝቶበት ተሰነጠቀ። አየሁሽ አፍርሳ እንደገና አቦካች። የወንዝ አሸዋ ጨመረች፣ ክሩን አበዛች፣ ጭቃውን አሰንብታ በእግሯ ረገጠችው። ቆዳዋ ተላጠ። በስተመጨረሻ የተለሰነው ግድግዳ በጋውን ሙሉ በዚያ ፀሐይ ሲጠበስ ከርሞ ስንጥቅ አላወጣም። ያረጋል በመዳፉ እየዳበሰ ዞረው፤ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

በቀጣዩ ጥቅምት ያረጋል እንደ ልማዱ ሳሉግ፣ ማለትም የአጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛ ሆኖ፣ ከሌሎቹ ጋር በመኪና ተጭኖ ወደ አብርሃ ጅራ እርሻዎች ለአጨዳ ሄደ። እዚያ ቤት የለም። ሠራተኛው ቀን ሲያጭድ ውሎ፣ ማታ የተሰነጠቀው መረሬ ላይ ጆንያ አንጥፎ ከዛፍ ሥር ያድራል። ተመልሶ መጥቶ ጥቂት ወራት እንደቆየ ትኩሳቱ ጀመረው። አየሁሽ ጎኑን ስትዳስሰው ጣፊያው አብጦ ነበር። ማንም እንዲነግራት አልጠበቀችም፤ ያላቸውን ሸጣ መተማ ሆስፒታል አስገባችው።

መርፌውን እየተወጋ ሰነበተ። አንዳንድ ቀን ይሻለውና ሾርባ ይቀምሳል፤ በማግስቱ ይብስበታል። አንድ ጠዋት እጇን ያዘ።

«አየሁ፣ ቤታችን አይደለም እኮ» አላት። «ሜዳው ነው። ግድግዳሽ ደህና ነው።»

«አውቃለሁ፣ አትናገር፣ ትደክማለህ።»

«እንዳታፈርሺው ብዬ ነው።»

በዚያው ሳምንት አረፈ። አስከሬኑን ወደ ኮኪት አምጥታ ከሠላማዊት ጎን ቀበረችው።

አላፈረሰችውም። ግን ለወራት ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ትተኛ ነበር። የለቀስተኛው እግር ሲቀንስ ጎረቤቷ ባየሽ መጣች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

«አየሁ፣ ባላስቸግርሽ... ቤቴን ለስኚልኝ» አለች።

«ባሌን አላዳነም እኮ።»

«እሱማ ሜዳ አድሮ ነው። ልጄ የሚያድረው ቤት ነው።»

አየሁሽ ዞራ ግድግዳዋን በመዳፏ ዳበሰች። «አጎበርም ግዢ» አለቻት። «በግድግዳ ብቻ አትመኚ።» በማግስቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የባየሽን ጭቃ ገብታ ረገጠች። እየረገጠች ታለቅስ ነበር፤ ባየሽም አይታ እንዳላየች ሆና ውኃ ታቀብላት ነበር።

ዘመዶቿ ከጎጃም «ነይ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ?» እያሉ ይልኩባታል። የምትመልሰው አንድ ነው፤ «ሁለቱን ለማን ትቼ?» ትላለች። አሁን በኮኪት ዳርቻ እሷ የለሰነችው ቤት ብዙ ነው። የእሷ ቤት ከሁሉም ያማረ፣ ከሁሉም ጭር ያለ ነው።