ቆርቆሮ ላይ የወረወርኳት ጥርስ

ለጥርሴ መጣመም ጥፋተኛ የተባልኩት ያለ ፍርድ ነው፤ ይህ ይታወቅልኝ።

ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ የልጅ ልጄን የጥርስ ሽቦዋን እንዲያጠብቅላት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ድሮ አፏን ሸፍና ነበር የምትስቀው፤ አሁን ሽቦዋን እያብለጨለጨች ትስቃለች። እኔ ግን ዛሬም በነጠላዬ ጫፍ እሸፍናለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ቀራንዮ ያለው የሣር ቤታችን ተቃጥሎ ዳስ ውስጥ እንኖር ነበር። የወተት ጥርሴ ስትነቀል እንደ ወጉ ቤታችን ጣሪያ ላይ መወርወር ነበረብኝ፤ ጣሪያ ግን አልነበረንም። ስለዚህ የጣሊያኖቹ መጋዘን ላይ ወረወርኳት። ቆርቆሮው ላይ እየተንኳኳች ተንከባልላ ጭቃ ውስጥ ወደቀች።

አዲሱ ጥርስ በሌላው ላይ ተደርቦ በቀለ። አያቴ ጎረቤት ፊት፣ «የጠላት ቆርቆሮ ላይ ወርውራ ምን ሊበቅልላት ኖሯል? ሸፍኚው አንቺ፣ አታሳፍሪኝ!» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

«ታዲያ የእኛ ጣሪያ የታለ?» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ጥርሴን ገልጬ ስቄ አላውቅም። የተደረበው ጥርስ መፋቂያ ስለማይደርስበትም ገና በወጣትነቴ በሰበሰ፤ ጎረቤቱን ጥርስም ይዞት ሄደ።

ሐኪሙ ልጅቷን ሲጨርስ፣ አፌን እንደሸፈንኩ፣ «ዶክተር፣ የወተት ጥርስ ቆርቆሮ ላይ ቢወረወር አዲሱ ተደርቦ ይበቅላል?» አልኩት።

አልሳቀም። «እስቲ ነጠላውን ዝቅ ያድርጉት» አለና አፌን በመብራት አየ።

«እማማ፣ መንጋጋዎ ጠባብ ነው፤ ጥርሱ መቆሚያ አጥቶ ነው የተደረበው። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»