በንግሥቲቱ ልክ

ኤፋት ኻኑምን (ኻኑም በእኛ እመቤት እንደማለት ነው) በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቴህራን ውስጥ በአንድ ቅያስ፣ ግድግዳ ተጋርተን ብዙ ዓመት ኖረናል። ግን እሷ ብዙ አታወራም፣ እኔም ጠይቄ የማውጣጣት ድፍረት የለኝም። የምጽፈው ከአፏ ያመለጠውን ያህል ብቻ ነው።

በወጣትነቷ ቤተ መንግሥት ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ መቆም ነው። ቁመቷም ወገቧም ከንግሥቲቱ ጋር አንድ ስለነበር፣ ንግሥቲቱ ለልብስ ልኬት ቆማ እንዳትደክም ኤፋት ትቆምላታለች። ልብስ ሰፊዎቹ ጨርቁን በላይዋ ላይ በስፒል እያያያዙ ይቆርጣሉ፣ ያጠባሉ፣ ያሳጥራሉ። ልብሱ ሲያልቅ ግን ለብሳው አታውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወገቧ በሜትር ይለካል። ወጥ ቤቱ ሩዝ እንዳይሰጣት ታዟል። ንግሥቲቱ ልጅ መውለድ አቅቷት በሐሳብ ስትከሳ፣ የኤፋትም ምግብ ተቀነሰ።

«ያዘነችው እሷ፣ የተራብኩት እኔ» አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች።

በዚያ ጊዜ ናስሩላህ የሚባል የባቡር መካኒክ ሽማግሌ ላከ። ቤተሰቦቿ እሺ አሉ፤ እሷም ወዳዋለች። እሱ ግን በደቡብ ወዳለችው አህዋዝ ከተማ ሊዛወር ነበርና፣ ካገባችው ሥራዋን መልቀቅ አለባት። ፈቃድ የምትሰጠው ደግሞ የልብስ ክፍሉ አለቃ፣ ወይዘሮ ኢራንዶኽት ናት። ስዊዘርላንድ ያደገች፣ ቀጥተኛ ሴት ነበረች፤ ክፉ አልነበረችም ትላለች ኤፋት።

ወይዘሮዋ አስጠራቻት። «ልታገቢ ነው አሉ። መሄድ ከፈለግሽ አሰናብትሻለሁ።»

«እርስዎን ትቼ? ሞቼ እገኛለሁ» አለች ኤፋት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው፣ ኻኑም።»

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሂጂ ሲል እሺ ብሎ ብድግ ማለት ነውር ነው። አንዴ እምቢ ይባላል፣ ሁለቴም እምቢ፤ በሦስተኛው አንገት ተደፍቶ እሺ ይባላል። ኤፋት አንገቷን ለመድፋት ተዘጋጅታ ጠበቀች። ወይዘሮዋ ግን ሦስተኛውን አልጠየቀችም። ፊቷ በደስታ በርቶ «ተባረኪ። ለንግሥቲቱ እነግራታለሁ» ብላ ወጣች። በማግስቱ ከንግሥቲቱ ዘንድ የወርቅ አምባር መጣላት፤ ስለ ታማኝነቷ።

ናስሩላህ አምባሩን ሲያይ፣ እንዳልተሰናበተች ገባው።

«ሂጂና ልሄድ ነው በያት።»

«ስጦታ ከተቀበልኩ በኋላ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?»

«ወግ ነበር፣ ከልቤ አልነበረም በያት። ምን ያስቸግራል?»

«ደግመው እንዲጠይቁኝ ብዬ ነው እምቢ ያልኩት ልበላት? ዋሽታኛለች ትለኛለች።»

«እንግዲያው ንግሥቲቱን አግቢያት» አለ። ቀልድ መሆኑን ለማየት ጠበቀች፤ አልሳቀም።

እስከ ኑሩዝ፣ እስከ አዲስ ዓመት በዓል ታገሣት። ብዙ ጊዜ እስከ ወይዘሮዋ በር ሄዳ ተመልሳለች፤ እጇ ለማንኳኳት ይነሣና አምባሩ ያቃጭላል፣ ያኔ ዞር ትላለች። በዓሉ ሲያልፍ ናስሩላህ ብቻውን አህዋዝ ወረደ፣ እዚያው አገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሁሉም የታወቀ ነው። ንግሥቲቱ ወራሽ ስላልወለደች ከንጉሡ ተለይታ ወደ አውሮፓ ሄደች። ወይዘሮ ኢራንዶኽትም ተከትላት ሄደች። ኤፋትን ግን ማንም አላሰናበታትም። የቀሩትን ቀሚሶች ብል እንዳይበላቸው የሚያናፍስ ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ መስኮት በሌለው የልብስ ክፍል ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ቆየች።

«እሷ እንኳ ወጣች» ትላለች። «እሷን የሚያህል ሰው አስወጥተው እኔን ረሱኝ።»

ባለፈው ሳምንት ግቢዋ ውስጥ ባቄላ እየፈለፈልን ነበር። ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም።

«ኤፋት ኻኑም፣ ወይዘሮዋ ሦስተኛ ጊዜ ብትጠይቅዎ እውነት ይሄዱ ነበር?»

እጇ ቆመ። ያኔ ፈርታ የቆየች እንደሆነ፣ ወይስ ወጉ ነው ያስቀራት፣ እኔ እንጃ።

«ይህን አልመልስልሽም፣ አዛር» አለች፤ ባቄላውንም መፈልፈል ቀጠለች።