ሐሙስ ሐሙስ የሚመረመሩት እንስሳት

ሰዓሊዋ አንድ እንስሳ ፈጥራ ስትጨርስ ወዲያው ፊርማዋን አታሰፍርም። መጀመሪያ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሐኪሙ ደግሞ የምር ሐኪም ናቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ላም ሲያዋልዱ፣ የፈረስ ኮቴ ሲሞርዱ፣ የፍየል ሆድ ሲደባብሱ የኖሩ የእንስሳት ዶክተር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰዓሊዋ ቤት ይመጡና፣ ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ በር ክፍል ገብተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ በዓለም ላይ የሌለውን እንስሳ ከጥርሱ እስከ ጅራቱ ይመረምሩታል። ፍርዳቸው አጭር ነው፤ «ይኖራል» ወይም «አይኖርም»። አይኖርም ከተባለ፣ ወር የለፋችበት ቢሆንም ሰዓሊዋ ነጭ ቀለም ትለቀልቅበታለች።

ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። ጎረቤቶቿማ ክፍሏን «ላም አለኝ በሰማይ» ብለው ሰይመውላታል፤ ስሙን ስትሰማ ከሁሉም በላይ የሳቀችው ራሷ ናት። ለነገሩ ወዳጅነታቸውም የተጀመረው በላም ነው።

ወጣት ሳለች እንስሳት ጤና ቢሮ ውስጥ ለገበሬዎች የሚበተኑ ፖስተሮችን እንድትስል ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋ የላም ዕድሜ በጥርሷ እንዴት እንደሚታወቅ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ሦስት ሳምንት ለፍታ፣ አሳምራ፣ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ደርድራ አስረከበች። አምስት መቶ ቅጂ ታትሞ ተበተነ። ላም ደግሞ ከላይ የፊት ጥርስ የላትም! ገበሬው በሳቅ ሲፈርስ፣ አለቃዋ ሊያባርራት ሲያኮበኩብ፣ ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዶክተር ጣልቃ ገቡ። «ተዋት እባክህ፤ ይህቺ ላም ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዳ ነው» አሉት። ከዚያ ሰዓሊዋን በረት ድረስ ወስደው ጣቶቿን የላም አፍ ውስጥ ከተቱ። የላይኛው ድድ እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል። ከዚያ ቀን በኋላ ዶክተሩ ሳያዩት ከእጇ የወጣ ሥዕል የለም።

ጡረታ ወጥታ የልቧን መሳል ስትጀምር የመጣላት የሌለ እንስሳ ሆነ። የሌለ ቢሆንም ታዲያ መኖር መቻል አለበት፤ መብላት፣ መተኛት፣ ጀርባውን ማከክ። አንድ ጊዜ ሻኛው ውስጥ ንብ የሚያረባ ግመል ሳለች። ዶክተሩ ግራ ቀኙን አይተው «ንቦቹ ሲነድፉት በምን ያካል?» አሉ። ጅራቱን እስከ ሻኛው አስረዘመችለትና ኖረ። ልጆቹን ቀንዱ ላይ የሚያስተኛው አጋዘን ግን አልተረፈም። በግራ ቀንዱ ሁለት፣ በቀኙ አንድ ግልገል ነበርና «አንገቱ ይጣመማል፤ ዓመት አይሞላውም» ተባለ።

«አራተኛ ልጅ ብጨምርለትስ?» ብላ ተከራከረች።

«እናትየዋን ጠይቂያት» አሏት።

ባለፈው ሰኞ የዶክተሩ ልጅ ብቻዋን መጣች። ቀለም የነካካውን በርጩማ እንኳ ሳታይ ዘፍ አለችበት።

«እትዬ፣ አባዬ እየጠፋብኝ ነው» አለች። «ሳሙናውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ከእርስዎ ወጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲዞር ቆይቶ፣ አንድ ዳቦ ሻጭ ነው እጁን ይዞ ያመጣልኝ። ወንድሜ ያለበት ከተማ አረጋውያን የሚጠበቁበት ቤት አለ። ሩቅ ነው፤ ግን ቦታ አለን ብለውኛል።»

ሰዓሊዋ ብሩሿን አስቀመጠች።

«እኔ ልጁ ነኝ፤ ስለምፈራ የማየው ሁሉ ይምታታብኛል» አለች ልጅቷ። «እርስዎ ይንገሩኝ። እዚህ ሲመጣ የእውነት ያያል ወይስ ለይምሰል ነው? ማየቱ ካበቃ ልውሰደው። ካላበቃ ግን ከዚህ ክፍል መለየት ግፍ ነው።»

ሰዓሊዋ «ያያሉ እንጂ!» ልትል ነበር። ያለፉት አራት ሐሙሶች ትዝ አሏት። አራቱም እንስሳት «ይኖራል» ተብለው አልፈዋል። አራት በተከታታይ ሆኖ አያውቅም! ጎበዝ ሆኜ ነው ብላ ስትኩራራ ሰንብታ ነበር። ሰው ሲሞገስ መቼ ይጠራጠራል?

«እስከ ሐሙስ ታገሺኝ፣ ልጄ» አለቻት።

በሦስት ቀን አንድ ግዙፍ እንስሳ ሳለች። ጆሮው እንደ ሙዝ ቅጠል ሰፊ፣ ጸጉሩ ሰማያዊ፣ ደረቱ የበሬ። አራቱ እግሮቹ ግን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የትም ቦታ አይታጠፉም። ቆሞ ሲታይ ግርማ ሞገስ አለው። አንዴ ከተኛ ግን እስከ ወዲያኛው አይነሳም። ስህተቱን ሆን ብላ ነው ያስገባችው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ወዳጇን እንደ ተማሪ ልትፈትን ነው። አፈረች። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጨረሰችው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእፍረቱ በላይ ምን እንደሚሉ የማወቅ ጉጉቱ ነበር እንቅልፍ የነሳት።

ሐሙስ ልጅቷ አባቷን አምጥታ ግቢው ውስጥ ቀረች። ዶክተሩ ገብተው ኮፍያቸውን ብሩሾቹ የተሰኩበት ጣሳ ላይ ሰቀሉት። ዙሪያቸውን ቃኙና «የዚህ ቤት ሰዓሊ የት ሄደች?» አሉ።

«እዚሁ ነኝ፣ ዶክተር።»

«አዎ፣ አንቺማ አለሽ» አሉ ቶሎ ብለው። ሰዓሊዋ ሸራውን ወደ ብርሃኑ አዞረችላቸው።

ምርመራው እንደ ወትሮው ከአፍ ተጀመረ። ያመሰኳል ወይ? ያመሰኳል። ጆሮውን አይተው «ዝንብ ያባርርበታል፣ ጥሩ ነው» አሉ። ደረቱን አዩ፣ ሆዱን አዩ። ወደ እግሮቹ ወረዱ። እግሮቹ ላይ ምንም ሳይሉ ወደ ጅራቱ አለፉ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኖራል።»

 ልጅቷ በቆርቆሮው በር ክፍተት ስታያት ሰዓሊዋ ዓይኗን ሸሸች። ዝም ልትል ነበር፤ አልቻለችም።

«እግሩን አይተውታል፣ ዶክተር?»

«እግሩን? አይታጠፍም። ከተኛ ብቻውን አይነሳም።»

«ታዲያ እንዴት ይኖራል ይላሉ?»

ዶክተሩ ግራ እንደገባው ሰው አዩዋት። «ሌላው ያነሳዋላ! ብቻውን ነው ያለሽ ማነው? ሸራው አልበቃሽም እንጂ ይሄ ጓደኛ አለው። ጠዋት ጠዋት እየመጣ በትከሻው ይደግፍና ያቆመዋል። አታዪም እንዴ?» ጣታቸውን ወደ እንስሳው ጎን ሰደዱ። «እዚህ ጋ ጸጉሩ ሳስቷል። ለዓመታት ድጋፍ ያረፈበት ቦታ ነው።»

ሰዓሊዋ ቀረብ ብላ አየች። እውነትም ሳስቷል። ትናንት ቸኩላ ቀለሙን ሳትደግመው የቀረችበት፣ ራሷም ያላስተዋለችው የመዳፍ ያህል ቦታ ነው።

«ያለፉት አራቱስ? ሁሉንም ያሳለፉልኝ ለዚህ ነው?»

«አራት ነበሩ?» አሉ ዶክተሩ። «እንጃ፣ አላስታውስም። ግን ድሮ እንስሳውን ሁሉ ብቻውን አድርጌ ነበር የማየው። አሁን እንደዚያ አይታየኝም።»

ይህ ጥበብ ይሁን መርሳት ሰዓሊዋ መለየት አልቻለችም። ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። የፈተነቻቸው ግን እሷ ሆና ሳለ የወደቀችው ራሷ መሆኗ ታወቃት፤ ደስ አላትም፣ አለቀሰችም። ወደ በሩ ሄዳ ልጅቷን ጠራቻት።

«ያያሉ» አለቻት። «ከእኔ የተሻለ ያያሉ። መንገዱን ግን ብቻቸውን አይወጡትም። ከዛሬ ጀምሮ እኔ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ እኔው እመልሳቸዋለሁ። ሐሙስ ብቻ አይደለም፤ አንቺ ሥራ የምትውዪበትን ቀን ሁሉ ንገሪኝ።»

ልጅቷ «እትዬ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ዶክተሩ ኮፍያቸውን ፍለጋ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሰዓሊዋ ከጣሳው አንስታ አደረገችላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ድንገት ዘወር ብለው ሰማያዊውን እንስሳ አዩት።

«ሰዓሊት፣ እግሩን እንዳታስተካክዪው አደራ። ካስተካከልሽው ያኛው ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

«አልነካውም» አለች፤ ክንዳቸውንም ያዘች።